ስለ «ዘላቂነት» እና ስለ ሦስት ባልንጀሮቹ፦ በንግድ ሥራ አስተዳደር ከፍተኛ ትምህርት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

በንግድ ሥራ አስተዳደር ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠና ተማሪ በአገራችን ትምህርቱን የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናውን የሚጽፈውም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀውም በዚያው ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ስትራቴጂ፣ ፖሊሲ፣ ሥነ ምግባርና ዘላቂነት የምንላቸው የጥናት ዘርፎች በአማርኛ ምን ተብለው ሊጠሩ እንደሚገባ በትምህርት ላይ ሳለ እምብዛም አያስጨንቀውም። ጭንቀቱ የሚመጣው ከተመረቀ በኋላ ነው። የቦርዱ ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ይያዛል፤ የሠራተኛ ማኅበሩ በአማርኛ ይከራከራል፤ ረቂቅ ሕጉ በአማርኛ ይነበባል። ያን ጊዜ ምሩቁ በአእምሮው ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንሥቶ ቅርብ የመሰለውን የአማርኛ ቃል ይለጥፍበታል፤ ተርጓሚውም ያንኑ ተቀብሎ ያስተላልፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህን አሠራር ነው። አማርኛ ቃል አጣ የሚለው የተለመደ ሮሮ የእኛ ሐሳብ አይደለም። እንዲያውም ከአራቱ ስያሜዎች በዋነኛው ላይ ቋንቋው ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር የሚገጥም አነጋገር ይዞ ሳለ ሳንጠቀምበት መቅረታችንን ለማሳየት እንሞክራለን።

ከዘላቂነት እንጀምር። «ዘለቀ» ከዳር እስከ ዳር አለፈ፣ እስከ ፍጻሜው ሄደ፣ ሳይቋረጥ ቈየ ማለት ነው። «ዘላቂ ሰላም»፣ «ዘላቂ መፍትሔ» ስንል ነገሩ ራሱ ሳይፈርስ ይኖራል ማለታችን ነው። ስለዚህ «ዘላቂ ኩባንያ» የሚለውን የሰማ ሰው የሚረዳው የማይከስር፣ በሩን የማይዘጋ ኩባንያ ነው። ጽንሰ ሐሳቡ ግን በመጀመሪያ ደረጃ ስለ ኩባንያው ዕድሜ አይናገርም። አንድ የማዕድን ድርጅት ወንዙን እየመረዘ፣ ደኑን እየጨረሰ መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል። በአማርኛው ቃል ዘላቂ ነው፤ በጽንሰ ሐሳቡ ግን አይደለም።

የጽንሰ ሐሳቡ ትውልድ ይህንኑ ያስረዳል። የሳክሶኒ የማዕድን ሥራ ሹም የነበረው ሐንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ በ1713 እ.ኤ.አ. ስለ ደን አያያዝ መጽሐፍ አሳተመ። ለማዕድን ማቅለጫና ለጉድጓድ ድጋፍ የሚውለው እንጨት እያለቀ መሄዱ አሳስቦት ነበርና፣ ከሚበቅለው በላይ እንዳይቈረጥ መከረ። የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል «በኋላ» እና «መያዝ» ከሚሉ ሁለት ክፍሎች የተገጠመ ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው «ከሥር ደግፎ መያዝ» ነው። ፈረንሳይኛ «ዱራብል»፣ ማለትም የሚቈይ፣ የሚለውን መረጠ፤ የእኛ «ዘላቂ» ከዚህኛው ጎን የሚሰለፍ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን በዓለም መድረክ ያወጀው የብሩንትላንድ ኮሚሽን ሪፖርት በ1987 እ.ኤ.አ. ሲወጣም፣ የነገሩ ፍሬ መቈየት ሳይሆን ለመጪው ትውልድ ማትረፍ ነበር።

ተርጓሚ በዚህ ቃል መሰናከሉ ቀላል ነገር እንዳይመስል አንድ ማስረጃ እናቅርብ። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት (ቁጥሩ ከሪፖርቱ ዓመት ጋር መግጠሙ የዘመን አቈጣጠር ጨዋታ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም) በአንቀጽ 43 ስለ ልማት መብት ይደነግጋል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ይህን ስያሜ ባስገባበት ስፍራ የአማርኛው ቅጂ «የማያቋርጥ እድገት» ይላል። በሁለት ቃላት ሁለት ስሕተት ነው። በአርእስቱ «ልማት» የተባለው በውስጡ «እድገት» ሆኗል፤ በምጣኔ ሀብት ትምህርት ደግሞ ሁለቱ አንድ አይደሉም። «የማያቋርጥ» የሚለው ከዚህም የባሰ ነው። ከሚበቅለው በላይ አትቍረጥ ይል የነበረው ሐሳብ መቍረጥህን አታቋርጥ ወደሚል ተገለበጠ። አንቀጽ 106 የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና የሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ስለ ሆነ፣ ክርክር ቢነሣ የሚጸናው ይኸው የተገለበጠው ቃል ነው። እርግጥ አንቀጽ 92 የልማት ሥራ የአካባቢን ደኅንነት እንዳያናጋ ስለሚያዝዝ ጉድለቱ በከፊል ይካሳል። ቢሆንም ስያሜው ራሱ ሊሸከመው የሚገባውን ትርጉም ሌላ አንቀጽ እንዲሸከምለት ማድረግ ጤናማ የአተረጓጐም ሥራ አይደለም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ዘላቂ የልማት ግቦች» የሚለው አጠራር በመስፋፋቱ «ዘላቂ» የበላይነቱን ይዟል። መሻሻል ነው፤ በቂ ግን አይደለም።

አማርኛ ይህን ሐሳብ በገበያ ቋንቋው ያውቀዋል። ነጋዴ ሥራ የሚጀምርበትን ገንዘብና ዕቃ «ወረት» ይለዋል። ከትርፉ የሚበላ ነጋዴ ይኖራል፤ «ወረቱን በላ» የተባለው ግን ሱቁ ክፍት ሆኖ ሚዛኑ እየሠራ ሳለም አልቆለታል። ገበሬም በክፉ ቀን ዘሩን ሲበላ ምን እያደረገ እንደ ሆነ ያውቃል። ይህ ከካርሎቪትስ ምክር በምንም አይለይም፤ ደኑ ወረት ነው፣ በየዓመቱ የሚበቅለው ትርፍ ነው። ይህን የመሰለ ቃል እያለን ጽንሰ ሐሳቡን «ለረጅም ጊዜ የመቈየት ሁኔታ» በሚል ድፍን ሐረግ መፍታት፣ ለንግድ ሥራ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነውን ማስረጃ መንፈግ ነው። «ወረት» በስያሜነት ይቁም አንልም፤ «የወረት ፍቅር» እንደሚባለው ቶሎ የሚያልፍ ስሜትንም ስለሚያመለክት ከተፈለገው ተቃራኒ ትርጉም ይሰጣል። ቦታው በፍቺው ውስጥ ነው።

ለስያሜው ግን ከ«ዘለቀ» ርባታ ሳንወጣ የተሻለ አለ። ሰው አንድን አካሄድ ሲነቅፍ «ይህ ነገር አያዛልቅም» ይላል። «አይዘልቅም» እና «አያዛልቅም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ነገሩ ራሱ አይቈይም ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ በአደራራጊው መልክ፣ ነገሩ በእሱ ላይ ተመሥርተው የሚኖሩትን እስከ ዳር አያደርሳቸውም ማለት ነው። በጽንሰ ሐሳቡ ውስጥ ያለው ጥያቄ ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ «አዛላቂ» ቢባል፣ «አዛላቂ ልማት»፣ «አዛላቂ የደን አያያዝ»፣ በስምነትም «አዛላቂነት»፣ ቃሉ እንግዳ አይሆንም፤ በአፍራሽ መልኩ ዕለት ተዕለት የምንናገረው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተስፋፉት ስያሜዎች መካከል «ወዛደር» ሥር የሰደደበት ምክንያት ከምን እንደ ተሠራ ለሰሚው ግልጽ ስለ ነበር ይመስለናል፤ «ኅብረተሰባዊነት» ግን «ሶሻሊዝም»ን ከቦታው ሊያስለቅቀው አልቻለም።

«ዘላቂ» ይጣል ማለታችን አይደለም። በዚሁ ትምህርት ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። የእንግሊዝኛው ቅጽል በሦስት የትምህርት ክፍሎች ሦስት ትርጉም ይዞ ይገባል። በስትራቴጂ ትምህርት ተፎካካሪዎች በቶሎ ሊነጥቁት የማይችሉትን ብልጫ ይገልጻል፤ ይህ በትክክል «ዘላቂ ብልጫ» ነው፣ የመቈየት ጉዳይ ነውና። በፋይናንስ ትምህርት አንድ ድርጅት አዲስ አክሲዮን ሳይሸጥና የዕዳውን መጠን ከወረቱ አንጻር ሳይለውጥ ሊደርስበት የሚችለውን የዕድገት ልክ ያመለክታል፤ ይህን «በራስ ዐቅም የሚቻል ዕድገት» ብሎ በግልጽ መተርጐም ይሻላል። «አዛላቂ» የሚያስፈልገው ለሦስተኛው ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ያደበላለቀውን አማርኛ ሊለይ በሚችልበት ስፍራ መደበላለቁንም አብሮ መተርጐም ታማኝነት አይባልም።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ጎረቤት ስያሜ እናንሣ። መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስትራቴጂ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ይባላል። «የማይበገር» ጆሮ የሚገባ፣ ጕልበት ያለው ቃል ነው። ነገር ግን የማይበገር ነገር ከቶም የማይጐዳ ነው፤ ጽንሰ ሐሳቡ ግን ተጐድቶ የሚያገግመውን፣ ጐንበስ ብሎ የሚቃናውን ይመለከታል። ድርቅ የማይነካው እርሻ የለም።

ስለ ሥነ ምግባር የምንለው ጥቂት ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ችግሩ ሁለት ሥራ መያዙ ነው። «ሥነ» በ«ሥነ ልቡና» እና በ«ሥነ ሕይወት» የጥናት መስክን ሲያመለክት፣ «ሥነ ምግባር የጎደለው» በሚለው ውስጥ ግን ጠባይን ያመለክታል። በዚህ ላይ የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ቃሉ ከጉቦ ጋር ተቈራኝቷል። «የንግድ ሥነ ምግባር» ሲባል ሰሚው የሚጠብቀው አትስረቅ የሚል ትምህርት ነው። በዘርፉ ዘወትር የሚጠናው የቦፓል ጉዳይ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. በሕንድ ከተባይ ማጥፊያ ፋብሪካ ያመለጠ ጋዝ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን የፈጀበት አደጋ፣ ዋና ጥያቄው ጉቦ አይደለም፤ ኩባንያ ለጎረቤቶቹ ሕይወት ያለበት ግዴታ እስከ ምን ድረስ ነው የሚል ነው። «ሥነ ምግባር» ለጥናቱ፣ «ምግባር» ብቻውን ለጠባዩ ቢመደብ መንገዱ ይጠራል።

የቀሩት ሁለቱ፣ ስትራቴጂና ፖሊሲ፣ በእንግሊዝኛውም ድንበራቸው የጠራ አልነበረም። በአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች ዛሬ የስትራቴጂ አመራር የሚባለው ትምህርት ለብዙ ዓመታት የንግድ ፖሊሲ ሲባል ኖሮ፣ አዲሱ ስም የተጠናከረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ጥርት ያለ ልዩነት ካላገኘ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። የአገር ውስጥ አቻ እንፈልግ የሚሉ ሰዎች ለመጀመሪያው «ስልት»ን፣ ለሁለተኛው «መመሪያ»ን ያቀርባሉ። ሁለቱንም አንቀበልም። «ስልት» ዘዴንም የዜማ አካሄድንም ይገልጻል፤ «ስልታዊ» ደግሞ ሥርዓት ያለው ማለትም ነው። «ስልታዊ ማፈግፈግ» ሲባል ሠራዊቱ ያፈገፈገው ለዛሬው ውጊያ ይሁን ለጦርነቱ በሙሉ ከቃሉ አይታወቅም፤ ስትራቴጂን ከታክቲክ የሚለየው ግን ይኸው ነው። (ሥርወ ቃሉን ብቻ ብንከተል፣ ስትራቴጎስ በግሪክኛ ጦር መሪ ነውና ትክክለኛው አቻ «አዝማችነት» በሆነ ነበር፤ ይህን ለአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚያቀርብ ደፋር ይፈለጋል።) «መመሪያ» ደግሞ በሕጋችን ከአዋጅና ከደንብ በታች የሚገኝ፣ አስፈጻሚ አካል የሚያወጣው ሰነድ ስም ነው። ፖሊሲን በዚህ ስም መጥራት የበላዩን ከበታቹ ማምታታት ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ውሰት ቃላት ይቈዩ። ሕገ መንግሥቱም ምዕራፍ ዐሥርን የብሔራዊ ፖሊሲ መርሖዎች ሲል ሰይሟል። የሚቀረው ሥራ የአገባብ ነው። ለቅጽሉ «ስትራቴጂክ»፣ «ስትራቴጂያዊ» እና «ስትራቴጂካዊ» ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ስሙን ከተዋስን ቅጥያው የራሳችን ይሁን፣ «ስትራቴጂያዊ» ይበቃል። «የሕዝብ ፖሊሲ» የሚለውም ይታረም። ሰሚው ሕዝቡ ያወጣው ወይም ስለ ሕዝብ ብዛት የሚናገር ይመስለዋል፤ የኋለኛው «የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ» የሚባል የራሱ ስም አለው። «የመንግሥት ፖሊሲ» ይሻላል። ኢንሹራንስ ሰጪዎች «ፖሊሲ» የሚሉት የውል ሰነድ ደግሞ በድምፅ ይግጠም እንጂ በሥርወ ቃል ከዚህኛው ጋር አይገናኝም፤ በጣልያንኛ የጽሑፍ ማስረጃን ከሚያመለክት ቃል የወረደ ነው። በመዝገበ ቃላት በአንድ ቃል ሥር እንደ ሁለተኛ ፍቺ ሳይሆን የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት ለብቻው ሊገባ ይገባዋል።