ስለ ጣና የሚጻፉ ጽሑፎች «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ የት ጣሉት?

ስለ ጣና ሐይቅ የሚያወራ ብሮሸር ወይም የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ ስፋቱ ይመጣል፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ ከፍታው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ። ቀጥሎ ጥልቀቱ፣ ደሴቶቹ፣ ገዳማቱ፣ ዓሣው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እምቦጭ። መረጃው ልክ ነው። የኔ ቅሬታ አደረጃጀቱ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ከፔዳ ነው። የግቢው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ፔዳጎጂ ማለት ደግሞ የማስተማር ጥበብ ነው። ስለዚህ «ይህ ጽሑፍ በእርግጥ ምን ያስተምራል?» ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

መረጃ ሰጪ ጽሑፍ በብዙ መንገድ ይዋቀራል፦ በገለጻ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል፣ በንጽጽር፣ በምክንያትና ውጤት፣ በችግርና መፍትሔ። እያንዳንዱ መዋቅር የሚመልሰው ጥያቄ ይለያያል። ገለጻ «ምን አለ?» ለሚለው መልስ አለው፤ «ለምን ሆነ?» ካላችሁት ግን ዝም ይላል። ኢንጂነሪንግ ስንማር የዕቃ ዝርዝርና የሰርኪዩት ዲያግራም ለየብቻ ናቸው። ዝርዝሩን ይዛችሁ ገበያ ትሄዳላችሁ፤ የተበላሸውን ለመጠገን ግን ዲያግራሙ ያስፈልጋችኋል።

እስቲ ያንኑ መረጃ በሌላ ቅደም ተከተል እናስቀምጠው። የጣና ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዝርዝር ውስጥ ይህ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚሆን ቁጥር ነው። በምክንያት መዋቅር ግን ሥራ አለው፦ ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ውኃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃማ ዳርቻ ይገለጣል፤ የእምቦጭ ዘርም እዚያ ይበቅላል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭም የወንዝ ስም ዝርዝር ብቻ አይደሉም፤ ከእርሻ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ወደ ሐይቁ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ የዘመቻ ጽሑፍ፣ ቢያንስ ጥያቄ ያነሳል። እምቦጭ በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱን ይነግረንና በቀጥታ «እንንቀል» ይላል። ከችግር ወደ መፍትሔ ሲዘል መሐል ያለውን ምክንያት ይረሳዋል። ሒሳቡን እንሥራው። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በዘመቻ ተነቅሎ አንድ ስምንተኛው ቢቀር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሩብ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ግማሽ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደነበረው ይሆናል። ጭቃ ውስጥ የተቀበረው ዘር ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። መንቀል ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ጽሑፉ ምክንያቱን ካልነገረው፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲነቅል የዋለ ገበሬ አረሙ ተመልሶ ሲመጣ ልፋቱ ለምን እንደባከነ በምን ያውቃል?

አማርኛችንም እዚህ ላይ ወጥመድ አላት። «ዝናብ ዘንቦ፣ ወንዞቹ ሞልተው፣ ደለል ገብቶ፣ እምቦጩ ተስፋፋ» ብንል ዓረፍተ ነገሩ ጆሮ ላይ ደስ ይላል። ግን ደለሉ ምክንያት ነው ወይስ ቀድሞ የሆነ ነገር ብቻ? «ዘንቦ፣ ሞልተው፣ ገብቶ» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «እምቦጩ የተስፋፋው ወንዞቹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዘው ስለሚገቡ ነው» ስንል ግን ቃላችንን ሰጠን። አንባቢ «ማስረጃህ የታለ?» ሊለን ይችላል፤ ሳይንስም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ዝርዝር ይጥፋ አልልም። የሐይቁን ስፋት ቶሎ ማወቅ ለፈለገ ሰው ከዝርዝር የተሻለ የለም። ችግሩ ሁሉን ነገር በዝርዝር መጻፋችን ነው።

እናንተ እጃችሁ ላይ ባለው ጽሑፍ ሞክሩት። በየአንቀጹ ጎን የሚመልሰውን ጥያቄ ጻፉ፦ ምን? መቼ? ለምን? እንዴት? ከዚያ አንዱን መረጃ ከሌላው ጋር በቀስት አገናኙ። ገጹ ሙሉ ሆኖ አንድም ቀስት ካጣችሁ፣ የጎደለውን «ለምን» ይዛችሁ መምህራችሁ ጋ ሂዱ።