ሀ ተብሎ ሲጀመር፦ «አዲሱ 52» እና የአንባቢዎቹ ቁጣ

ለመሆኑ አንድ ታሪክ የማን ነው? የጻፈው ሰው ነው? ያሳተመው ድርጅት ነው? ወይስ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየወሩ እየገዛ ያነበበው? ይህ ጥያቄ በልቦለድና በግጥም ላይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ዛሬ የምናነሣው ግን ብዙዎቻችን «የልጆች ነገር ነው» ብለን በምናልፈው መስክ፣ በአሜሪካ የልዕለ ኃያላን ጀግኖች ኮሚክስ ላይ ነው። «እሱ ደግሞ ምን ሂስ አለው?» የሚል ጓደኛ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሱፐርማንና የባትማን አሳታሚ የሆነው ዲሲ ኮሚክስ፣ የልዕለ ኃያላን መጽሔቶቹን ዘግቶ 52 መጽሔቶችን ሀ ብሎ ከቁጥር 1 እንደሚጀምር አስታወቀ። ስሙም «አዲሱ 52» ተባለ። በር ከፋች የሆነው የጄፍ ጆንስና የጂም ሊ «ጀስቲስ ሊግ» ቁጥር 1 በኦገስት 31 ወጣ፤ ሌሎቹ በሴፕቴምበር ተከተሉ። ከ1938 ጀምሮ ሲወጣ ኖሮ ቁጥር 904 የደረሰው «አክሽን ኮሚክስ» ወደ 1 ተመለሰ። ከ1937 ጀምሮ የነበረው «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ»ም ከ881 ወደ 1 ወረደ። የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው! የተለወጠው ታሪኩ ነው። ሱፐርማን በ1996 ያገባት ሎይስ ሌን ሚስቱ ሆና አታውቅም ተባለ። ብዙ አንባቢ አብሮት ያደገው ዋሊ ዌስት የሚባለው ፍላሽ ከነስሙ ጠፋ።

ገበያው ሠመረ። የ«ጀስቲስ ሊግ» የመጀመሪያ ቁጥር ከ200 ሺህ ቅጂ በላይ ሄደ። «ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ሳልቆፍር የምገባበት በር ተገኘ» ብሎ የተደሰተ አዲስ አንባቢም ነበር። ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል። የስኮት ስናይደርና የግሬግ ካፑሎ «ባትማን»፣ የጄፍ ሌሚር «አኒማል ማን»፣ የብራያን አዛሬሎና የክሊፍ ቺያንግ «ወንደር ዉማን» በየትኛውም መመዘኛ ጥሩ ሥራዎች ናቸው። እኛም ብንሆን ከዓመታት በኋላ በስልካችን ስናነብ የገባነው በዚያው በር ነው። የፈረሰውን ቤት ስላላየነው አላለቀስንለትም።

አሮጌዎቹ አንባቢዎች ግን ተቆጡ። የቁጣው ዓይነት ብዙ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ «አፍቃሪ አንባቢ ለውጥ አይወድም፤ ትንሽ ጮኾ ይገዛል።» እኛ የምንከራከረው ከዚህ መልስ ጋር ነው። አንደኛ፣ በታሪክ ረገድ ትክክል አይደለም። ሁለተኛ፣ ፍሬውንና ገለባውን አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል።

ከታሪኩ እንነሣ። በ1956 ያው አሳታሚ የ1940ዎቹን ፍላሽ ትቶ በስም አንድ፣ በሰው ሌላ የሆነ አዲስ ፍላሽ አወጣ። በ1960 ደግሞ የቀድሞውን የጀግኖች ማኅበር በአዲስ መልክ «ጀስቲስ ሊግ» ብሎ መሠረተ። ያኔ አንባቢው ተነሥቶ ጮኸ? የለም! ጄሪ ቤይልስና ሮይ ቶማስ የሚባሉ ሁለት አፍቃሪ አንባቢዎች በ1961 «ኦልተር ኢጎ» የተሰኘች መጽሔት በማባዣ እያባዙ ለመሰሎቻቸው ይልኩ ጀመር፤ የመጣላቸውን አዲስ ነገር እያደነቁ። (ቀለም እጁን ያላቆሸሸው የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ስለሌለ፣ የእነዚያን ሰዎች ድካም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።) የተደራጀው የአንባቢ እንቅስቃሴ እንግዲህ ለውጥን በመጥላት የተወለደ አይደለም፤ ለውጥን በመውደድ የተወለደ ነው።

ታዲያ በ1961 እና በ2011 መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ ያኔ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አለመገደሉ ነው። ጋርድነር ፎክስና ካርማይን ኢንፋንቲኖ በ1961 ባወጡት በ«ፍላሽ» ቁጥር 123 ላይ የቀድሞው ፍላሽ በሌላ ምድር በሕይወት ይኖራል፤ አዲሱም ሄዶ ይጨብጠዋል። ያነበብከው ሁሉ ሆኗል፣ አልጠፋም ማለት ነው። በ1985 እና በ1986 ማርቭ ዎልፍማንና ጆርጅ ፔሬዝ በሠሩት ታላቅ ተከታታይ እነዚያ ብዙ ምድሮች ወደ አንድ ሲጨፈለቁ የመሰናበቻ ወግ ነበረ፤ የሞተው በአደባባይ ተለቅሶለት ሞተ። በ2011 ግን ብዙው ነገር «ሞተ» እንኳ አልተባለም። «አልነበረም» ነው የተባለው። ሰው ሲሞት ልቅሶ ይደረስለታል፤ አልነበረም ለተባለ ሰው የትኛው ድንኳን ይተከላል?

አሁን ወደ ቅሬታዎቹ እንግባ፤ እኩል ክብደት የላቸውምና።

አንዳንዱ ቅሬታ የልብስ ነው። የሱፐርማን ቀይ ቁምጣ ለምን ቀረ ተብሎ ብዙ ተባለ። ደስ የሚል ክርክር ነው፤ ግን ቁምጣ ቁምጣ ነው፤ ሰውየው ያለ እሱም ይበራል። የመጽሔት ቁጥርም እንዲሁ። 904 ወደ 1 ሲወርድ ሰብሳቢን ያመዋል፤ ታሪክን ግን አያቆስልም።

ሌላው ቅሬታ የሒሳብ ነው፤ ይኸኛው ከበድ ይላል። በአዲሱ ዓለም ልዕለ ኃያላኑ ለሕዝብ ከታዩ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው ተባለ። ባትማን ግን እጅግ ይሸጥ ስለነበር ታሪኩ ብዙም አልተነካም፤ ዲክ ግሬሰን፣ ጄሰን ቶድ፣ ቲም ድሬክና ዴሚየን ዌይን የተባሉት አራት ረዳቶቹ እንዳሉ ቀሩ። አንባቢው ጣቱን እየቆጠረ ጠየቀ፦ በዚህ ጠባብ ዘመን አራት ልጅ አሠልጥኖ፣ አንዱን ቀብሮ፣ አንዱን ራሱን አስችሎ፣ እንዴት ተደርሶ? «ዝርዝር ውስጥ አትግቡ» ተባለ። እኛ ግን ጥያቄው የቅርጽ ሂስ ነው እንላለን። መቀሱ የተመራው በታሪኩ ፍላጎት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እኩል በቆረጠ ነበር። የሚሸጠውን እየማረ የማይሸጠውን ስለ ቆረጠ ግን የገበያ መቀስ መሆኑ ታወቀ። አንባቢው በአራት ጣቱ ቆጥሮ የደረሰበትን ነገር ለማየት ሐያሲ መሆን አላስፈለገውም።

ሦስተኛው ቅሬታ የባርባራ ጎርደን ነው። የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም እሷ ናት።

ባርባራ ባትገርል ነበረች። በ1988 አላን ሙርና ብራያን ቦላንድ ባወጡት «ዘ ኪሊንግ ጆክ» ውስጥ ጆከር በጥይት አከርካሪዋን መታት፤ ከወገብ በታች መንቀሳቀስ አቃታት። የታሪኩ ጭንቀት ግን የአባቷና የባትማን ነው፤ እሷ የሌሎችን ሥቃይ ለመቀስቀስ የተተኮሰባት ናት። ይህ ያበሳጫቸው ኪም ዬልና ባለቤቷ ጆን ኦስትራንደር በ1989 ባርባራን «ኦራክል» ብለው መለሷት፦ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ በኮምፒዩተሯ የጀግኖቹን ሁሉ ዓይንና ጆሮ የሆነች ሴት። በ1996 ከወጣው «በርድስ ኦፍ ፕሬይ» ጀምሮ ደግሞ የራሷን ቡድን መራች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኦራክል ሆና ስትኖር፣ ካፕ ለብሳ ከሕንፃ ሕንፃ ትዘል ከነበረችበት ዘመን ይልቅ ትልቅ ሰው ሆነች። በ2011 እንደገና ስትጀመር ግን ቆማ እየሄደች፣ ባትገርል ተብላ መጣች።

እዚህ ላይ ለሌላው ወገንም ፍርድ እንስጥ። «ጉዳቷ ራሱ በደል ነበር፤ በደልን ማንሣት ምን ክፋት አለው?» የሚሉ ነበሩ። ባትማን በ1993 ጀርባው ተሰብሮ ብዙም ሳይቆይ ድኖ ተነሥቷል፤ ወንዱ ሲድን ሴቲቱ ለምን ትቅር? ጥያቄው ከባድ ነው። ለአዲሱ መጽሔት የተመረጠችው ጸሐፊ ጌይል ሲሞንም ኦራክልን ለዓመታት በፍቅር የጻፈች ናት፤ ባርባራንም ፍርሃቷን እንደ ተሸከመች እንጂ ምንም እንዳልደረሰባት አድርጋ አልጻፈቻትም።

ሆኖም አካል ጉዳተኛ የሆኑ አንባቢዎች የተናገሩትን ስንሰማ ሚዛኑ ወደ እነሱ ያጋድላል። እነሱ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በዚህ ዓለም የሚዘል፣ የሚሮጥና የሚበር ሞልቷል፤ ተቀምጣ የምታሸንፈው አንዷ ኦራክል ነበረች። እሷን «ስታድኗት» ለእኛ የምትነግሩን እንደኛ ሆኖ መኖር ታሪክ እንደማይሆን፣ መዳን ብቻ ታሪክ እንደሚሆን ነው። የሚድን ባትማንን ማጣት አንድ ነገር ነው፤ የማይድን ኦራክልን ማጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የቁምጣውና የተሽከርካሪ ወንበሩ ልዩነትም ይኸው ነው። አንዱ ለምደነው የነበረው መልክ ነው። ሌላው ለአንዳንዱ ሰው በመደርደሪያው ሁሉ ላይ ራሱን ያየበት ብቸኛ መስተዋት ነበር።

የሴቶቹም ነገር ከዚህ ይያያዛል። በጁላይ 2011 በሳንዲዬጎው የኮሚክስ ጉባኤ ላይ አንዲት አንባቢ የባትገርልን ልብስ ለብሳ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች፤ ስለ ሴቶች ጉዳይ ጠየቀች። በእናንተ ዘንድ የሚሠሩ ሴቶች ለምን አነሱ የሚል ጥያቄ ሲነሣም ከኃላፊዎቹ አንዱ እነማንን እንቅጠር፣ ስም ጥሩ ዓይነት መልስ መለሰ። በእርግጥም በ52ቱ መጀመሪያ ላይ ከጸሐፊዎቹ መካከል ሴቷ ጌይል ሲሞን ብቻ ነበረች። ጥያቄው ስለ ተጋጋለ ድርጅቱ ሴቶችን እንደሚጨምር የጽሑፍ ቃል ለመስጠት ተገደደ። በሴፕቴምበር ደግሞ «ሬድ ሁድ ኤንድ ዘ አውትሎውስ» ሲወጣ፣ ብዙ ልጆች በቴሌቪዥን ካርቱን የሚያውቋት ስታርፋየር እርቃኗን ለመሸፈን ያህል ብቻ ለብሳ፣ የቀድሞ ወዳጆቿን እንኳ በቅጡ የማታስታውስ ሆና ቀረበች። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇ ይህን አይታ ያዘነችውን ጽፋ አሳተመች። ከድርጅቱ የመጣው መልስ፣ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ምልክት ተመልከቱ የሚል ነበር። እነዚህን ሰዎች «ለውጥ ጠሎች» ማለት ይቻላል? የጠየቁት አሮጌው እንዲመለስ አልነበረም። አዲስ ነን ካላችሁ አዲስ ሁኑ ነው ያሉት።

ድርጅቱ በመጨረሻ ሰማ ወይ? ግማሹን ሰማ። በሜይ 2016 በወጣው የጄፍ ጆንስ «ሪበርዝ» ውስጥ ዋሊ ዌስት ተመለሰ። ታሪኩ ራሱ የሚገርም ነው፦ ዋሊ ከዓለም ተሰርዟል፤ የሚያስታውሰው አንድ ሰው ካላገኘ ለዘላለም ይጠፋል፤ በደጃፍ በደጃፍ እየዞረ «እወቁኝ» ይላል። የአንባቢው ቅሬታ ተወስዶ ታሪክ ሆነ ማለት ነው፤ አሳታሚው ራሱ የሰረዘውን ራሱ አስለቀሰበት፤ ሸጠውም። በዚያው ዓመት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥሩን ከ957 ቀጠለ፤ ባለትዳሩ ሱፐርማንም ከነልጁ መጣ። በ2018 ቁጥር 1000 ላይ ቀዩ ቁምጣ እንኳ ተመለሰ! ባርባራ ግን በ2016 ያው ባትገርል ነበረች። ቁጥሩም ትዳሩም ሲመለሱ ወንበሩ ተረሳ። ቁጣ ሁሉ አንድ ነው የሚለው መልስ ጉዳቱ እዚህ ላይ ይታያል፦ ሁሉን በአንድ ጆንያ የከተተ፣ ሲያወጣ የሚያወጣው ቀላሉን ነው።

አንባቢውን ግን አናመልከው። በ1988 ይኸው ድርጅት የሁለተኛውን ሮቢን የጄሰን ቶድን ዕጣ በስልክ ድምፅ እንዲወስኑ አንባቢዎችን ጋብዞ ነበር፤ 5,343 «ይሙት» አሉ፣ 5,271 «ይኑር» አሉ፤ ልጁ በ72 ድምፅ ሞተ። ስልክ መደወል ሂስ አይደለም፤ የጮኸ ሁሉም ትክክል አይደለም። እኛ የምንለው የአንባቢ ቃል ይመዘን እንጂ ይታዘዙት አይደለም።

መጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 መብታቸውን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ከዚያ ወዲህ ገጸ ባሕርዩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ጸሐፊ ይመጣል፣ ጸሐፊ ይሄዳል፤ ኃላፊውም እንዲሁ። በሕግ ባለቤቱ ድርጅት ነው፤ ድርጅት ደግሞ የሚያስታውሰው የሚሸጠውን ነው። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር በልቡ ይዞ የቀረው አንድ አንባቢው ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤት ባይሆንም ምስክር ነው፤ ምስክር ሲናገር «አትጩኽ» አይባልም።

ከላይ ለፈረሰው ቤት አላለቀስንም ብለናል። ኦራክል የምትባል ሴት እንደ ነበረች ያወቅነው ከአዲሶቹ መጽሔቶች አይደለም፤ እነሱማ አልነገሩንም። ያወቅነው ከአሮጌዎቹ አንባቢዎች እሮሮ ነው። በነሱ ቁጣ ተመርተን ወደ ኋላ ሄደን አነበብናት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛም ያልተወጋነው፣ የተወጋው ስላልረሳ አወቅን። ሂስ ከዚህ የበለጠ ምን ይሠራል? ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አንባቢ ተቆጥቶ ስናይ፣ «ለውጥ አይወድም» ብለን ከማለፋችን በፊት ምን እንደ ተወሰደበት እንጠይቀው እንላለን። ቁምጣ ከሆነ እንስቃለን፤ ወንበሩ ከሆነ ግን ቁጭ ብለን እንስማው።