ከሕሙም አልጋ እስከ ማይክሮስኮፕ፦ የአልዝሃይመር ዘገባ ሲመረመር

የነርቭ በሽታዎችን ምንነት ከአንጎል ሕዋስ ውስጥ ለመፈለግ ከተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች መካከል ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር እ.ኤ.አ. በ1907 ያሳተሙት ዘገባ በቀዳሚነት የሚጠቀስ ነው። የሐኪሙን ስም የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም ለማለት ይቻላል፤ ዘገባውን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ሦስት ገጽ ያህል ብቻ የያዘው ይህ ጽሑፍ ዛሬ ሲነበብ የሚደነቅም የሚተችም ነገር ይገኝበታል።

ዘገባው የሚያወሳው የ51 ዓመት ሴት የነበሩ አንዲት ሕሙምን ነው። የመጀመሪያው ምልክት በባላቸው ላይ ያደረባቸው ብርቱ ቅናት ነበር። ቀጥሎም የማስታወስ ችሎታቸው በፍጥነት ተዳክሞ በገዛ ቤታቸው ውስጥ መውጫ መግቢያው ጠፋባቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ሆስፒታል ገብተው በ1906 አረፉ። በዚያን ጊዜ አልዝሃይመር ወደ ሙኒክ ተዛውረው ስለነበር የሕሙሟ አንጎል ወደዚያው ተላከላቸው።

የዘገባው ብርታት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። አልዝሃይመር ቢልሾቭስኪ የተባሉት ሐኪም ባስገኙት የብር ማቅለሚያ ተጠቅመው የነርቭ ሕዋሳቱን መረመሩ። ሌላው አካሉ ደኅና በሚመስል ሕዋስ ውስጥ አንድ ወይም ጥቂት ወፋፍራም ክሮች አዩ፤ በሌላው ክሮቹ ተጠቃለው እንደ ነዶ ታስረዋል፤ በሦስተኛው ሕዋሱ ራሱ ጠፍቶ የተወሳሰበው ክር ብቻ ቀርቷል። ከአንጎል ቅርፊት ሕዋሳት ከአራት እስከ ሦስት አንዱ እንዲህ የተለወጠ መሆኑን፣ በቅርፊቱም ላይ ልዩ ንጥረ ነገር በየቦታው መከማቸቱን መዘገቡ። ክሩ ታው፣ ክምችቱ ደግሞ ቤታ አሚሎይድ ከተባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ መሆኑ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው።

ይሁን እንጂ የሞተ ኅብረ ሕዋስ የበሽታውን ፍጻሜ እንጂ አካሄዱን አያሳይም። ሦስቱን መልኮች በቅደም ተከተል ያሰለፈው የሐኪሙ ግምት ነው። ግምቱ ብልህ ቢሆንም ክሩ ሕዋሱን ገደለው ወይስ በሚሞት ሕዋስ ውስጥ ተፈጠረ የሚለውን ጥያቄ አይመልስም።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የተፈጸመው በዘገባው አንባቢዎች ነው። በዚያው በ1907 ኦስካር ፊሸር በፕራግ መሰል ክምችቶችን በጃጁ አረጋውያን አንጎል ውስጥ ማግኘታቸውን ጽፈው ነበር። ሆኖም ክሬፔሊን በ1910 በመማሪያ መጽሐፋቸው ላይ በሽታውን በአልዝሃይመር ስም ሲሰይሙ ከእርጅና በፊት የሚመጣ የተለየ ሕመም አስመሰሉት። አልዝሃይመር ራሳቸው በ1911 ይህን ልዩነት ተጠራጥረዋል። እንዲያም ሆኖ የአረጋውያን መርሳት ለአሠርት ዓመታት ከበሽታ ሳይቆጠር ቆየ። በእኛም ቋንቋ «ጃጀ» የሚለው ቃል እርጅናንና ሕመምን አንድ አድርጎ ስለሚጠራ ቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሳይመጣ ይቀራል።

ሌላም የተዘነጋ ነገር አለ። ዘገባው በነርቭ ሕዋሳት ዙሪያ ያሉት ደጋፊ ሕዋሳት፣ ማለትም ግሊያዎች፣ ስብ ማጠራቀማቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቅሳል። የተመራማሪዎች ዓይን ለረጅም ጊዜ በክምችቱና በክሩ ላይ ተተክሎ ስለቆየ ይህች ዐረፍተ ነገር ተገቢውን ትኩረት ያገኘችው በቅርብ ዓመታት ነው። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት አሚሎይድን ቢጠርግም በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ይህም ከአንድ ምልክት ብቻ ሙሉ ምክንያት መፈለግ የማያዋጣ መሆኑን ያመለክታል።

የሕሙሟ የሕክምና ካርድ ለዓመታት ጠፍቶ በ1995 ፍራንክፈርት ውስጥ ተገኘ። ስላይዶቹም በዚያው አሥርት ዓመት ሙኒክ ውስጥ ተገኙ። በካርዱ ላይ ሕሙሟ የባላቸውን ስም ሲጠየቁ የራሳቸውን ስም መመለሳቸው፣ የአበባ ጎመን እየበሉ ስፒናች ነው ማለታቸው ሳይቀር ተጽፏል። የዘገባው ዘላቂ ዋጋም ከዚህ ላይ ነው። ካርድ የሌለው ስላይድ ያየውን እንጂ የማንን ሕይወት እንዳየ አይናገርም። በየክፍሉ በጥድፊያ የሚሞላ ካርድ ነገ በማይክሮስኮፕ ሥር ለሚታየው ሕዋስ ትርጉም የሚሰጠው ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።