ስለ ኢንተርኔት ቴሌፎን አመራረጥ በወላይታ ሶዶ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ወላይታ ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ይሁን እንጂ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ከተማ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ከፊሎቹ በሶዶ፣ ከፊሎቹም በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎች ከተሞች ተደልድለዋል። እንግዲህ አንድ ጉዳይ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲተላለፍ ከከተማ ወደ ከተማ ተሻገረ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ባለጉዳዩ ቀኑን ሙሉ በመኪና እንዲጓዝ ወይም በቤቱ ሆኖ መልስ እንዲያገኝ የሚወስነው ቴሌፎን ነው። ሆቴሎች፣ ክሊኒኮች፣ ኮሌጆችና የንግድ ድርጅቶችም በበኩላቸው የኢንተርኔት ቴሌፎን ወደ ማስገባት አዘንብለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሚመረጥበትን መንገድ ለመመርመር ነው።

የኢንተርኔት ቴሌፎን ድምፅን በጥቃቅን እሽጎች ከፋፍሎ፣ ደብዳቤና ሥዕል በሚተላለፉበት በዚያው መስመር የሚልክ ዘዴ ነው። በሁለት ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት በዚህ ዘዴ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ እንደ አንድ ቤት ክፍሎች በአጭር የውስጥ ቁጥር ያገናኛል። ጥሪ የሚያደላድለው ፕሮግራም እንኳ በነፃ ይገኛል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አስተሪስክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ቢሮዎቹ በየከተማው ለተበተኑበት ክልል ከዚህ የሚሻል ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል።

በአገራችን ይህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ሲታይ መቆየቱ መዘንጋት የለበትም። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 761/2004ም በኢንተርኔት የቴሌፎን ጥሪ አገልግሎት በሚሰጥ ሰው ላይ ከ3 እስከ 8 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደነገገ። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ቀጥሎ ሁለተኛ ኩባንያ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ጥሪያችሁን በርካሽ መስመር አስገባላችኋለሁ» ብሎ ሲቀርብ፣ ከዋጋው በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሂሱ እንመለስ። በግዥ ሰነዶች ላይ የመሣሪያው ብዛት፣ የስክሪኑ ስፋትና የኢንተርኔቱ ፍጥነት በዝርዝር ይጻፋል፤ በቀን ስንት ሰው እንደሚደውልና ማን እንደሚያነሣ ግን አይጠየቅም። ባለፈው ክረምት በሶዶ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስድስት አዳዲስ የኢንተርኔት ቴሌፎኖች በየጠረጴዛው ተቀምጠው አየሁ። በበሩ ላይ ግን የአንዲት ጸሐፊ የሞባይል ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። ጸሐፊዋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራ ኖሮ፣ ባለጉዳዮች አሁንም የሚደውሉት ለእርሷ ነው። ከኪንዶ ኮይሻ የመጡ አንድ አዛውንት ደጋግመው ደውለው ነበር፤ ጉዳያቸው ወደ አርባ ምንጭ መተላለፉን የሰሙት ግን ከበሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። ስድስቱ ቴሌፎኖች ለእኒህ ሰው ምንም አልጠቀሟቸውም።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ቁጥሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመሣሪያው መቅደም እንዳለበት ነው። የኢንተርኔት ቴሌፎን ትልቁ ጥቅም ርካሽነቱ ሳይሆን፣ ቁጥሩ የሰው መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤቱ እንዲሆን ማስቻሉ ነው። በ046 የሚጀምረው የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ቁጥር በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ጸሐፊዋ ብትዛወር ጥሪው ለተተኪዋ ይደርሳል፤ ጉዳዩ አርባ ምንጭ ቢሄድም ጥሪው ተከትሎት ይሄዳል። ይህ ካልተደረገ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመስመሩ ጥራት ነው። ሻጮች ስለ ፍጥነት ብዙ ይናገራሉ፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ጂ.711 በተባለው የድምፅ አሠራር አንድ ንግግር በየአቅጣጫው በሰከንድ 87 ኪሎቢት ያህል ይፈልጋል፤ ጂ.729 በተባለው ደግሞ 31 ኪሎቢት ያህል ይበቃዋል። ሃያ ጠረጴዛ ባለው ቢሮ አምስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢነጋገሩ የሚያስፈልገው 435 ኪሎቢት፣ ማለት ከግማሽ ሜጋቢት በታች ነው። ድምፅን የሚያበላሸው የፍጥነት ማነስ ብቻ ሳይሆን የመስመሩ መቆራረጥና መዘግየትም ነው፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አንድ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይመክራል። ስለዚህ ከግዥ በፊት በሥራ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በመስመሩ ሲጠቀም፣ ለጥቂት ቀናት መፈተን ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል።

ሦስተኛው መብራት ነው። በመዳብ ሽቦ የሚሠራው አሮጌው ቴሌፎን ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ ስለሆነ፣ በቤቱ መብራት ቢጠፋም ይደውላል። የኢንተርኔት ቴሌፎን ግን እርሱም፣ ራውተሩም፣ ጥሪ የሚያደላድለውም ኮምፒዩተር ሁሉም መብራት ይፈልጋሉ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ኬንያ የሚነሣው ከዚሁ ከወላይታ ሶዶ ነው። የሆነ ሆኖ ታላቁ መስመር በአጠገብ ማለፉ በከተማው ቢሮ ውስጥ መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ስለዚህ የዩፒኤሱና የባትሪው ዋጋ በኋላ የሚታሰብ ሳይሆን ከቴሌፎኑ ዋጋ ጋር አብሮ የሚደመር ነው።

ኢንተርኔቱ ራሱ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። ጥሪ ማደላደያውን ውጭ አገር ካለ ድርጅት የተከራየ ቢሮ እንዲህ ባለ ጊዜ ከጎረቤት ክፍል ጋር እንኳ መነጋገር አይችልም፤ ማደላደያውን በራሱ ግቢ ያኖረ ግን የውስጥ ጥሪው ይቀጥላል። ኪራዩ በዶላር መሆኑም ሌላ ችግር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ማደላደያው በግቢ ውስጥ ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ተራ መስመርም ሳይነቀል ይቆይ።

የመጨረሻውና እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ጥያቄ ቴሌፎኑ በምን ቋንቋ ይመልሳል የሚለው ነው። ደዋዩን የሚቀበለው የተቀዳ ድምፅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን፣ ወላይታቶ ብቻ የምትናገር እናት «አንድን ይጫኑ» የሚለውን ሳትረዳ ትዘጋለች። ቋንቋ በወላይታ ቀላል ነገር አይደለም። በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው የተቀላቀለ ቋንቋ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሕዝቡ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ቀሩ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ያህል የተከፈለበት ቋንቋ በመሥሪያ ቤቱ ቴሌፎን ላይ መታጣቱ ያሳዝናል። አንዳንድ ሰዎች «ወደ ሶዶ የሚደውለው የጋሞውም፣ የጌዴኦውም፣ የኮንሶውም ሰው ነው፤ የሁሉን ቋንቋ ማስገባት አይቻልም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በክልል ቢሮ አማርኛ ያስፈልጋል። ነገር ግን ማደላደያው የተቀዳለትን ማንኛውንም ድምፅ ያሰማል፤ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ የሚጠይቀው አንድ ተናጋሪና የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው።

በአጭሩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ለአንድ ሳምንት በሩ አጠገብ ተቀምጦ ማን እንደሚደውል፣ በምን ቋንቋ እንደሚናገርና ማን እንደሚመልስለት ይቁጠር። እኔ ያየሁት ጥቂት ቢሮዎችን ብቻ ስለሆነ፣ በአርባ ምንጭና በዲላ የሚያጠኑ ጓደኞቼ ይህንኑ ቆጠራ በየከተማቸው ቢያደርጉት የጎደለው ይሞላል። ያን ጊዜ ከኪንዶ ኮይሻ የተነሡት አዛውንት መንገዱን ሳይጀምሩ መልሳቸውን ይሰሙ ይሆናል።