ታንኳ ሠሪውና የወፎቹ ዳርቻ

ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ምስማር አያገኝም፤ ሙጫም ሬንጅም የለም። ያለው ደንገል፣ ማሰሪያ ልጥና የሠሪው እጅ ነው። ከዚህ ከጥቂቱ፣ ማገዶና እህል ተሸክሞ ሐይቅ የሚሻገር ጀልባ ይወጣል። ይህን ጥበብ ከሌላው ሁሉ በላይ ይዘው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

ጥበቡ የሚጀምረው ከመምረጥ ነው። የደንገል ግንድ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ላዩ ቀጭንና ጠንካራ አረንጓዴ ልጥ፣ ውስጡ አየር የሞላበት ነጭ ለስላሳ ነገር። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው። ግንዱ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይቀላል። ቀጥሎ በወፍራም በወፍራሙ እስር እስር ይደረጋል፤ እስሮቹ ጎን ለጎን ይጣመራሉ፤ የፊቱ ጫፍ እየቀጠነ ወደ ላይ ይቀለበሳል።

የእጁ ሙያ የሚለየው አስተሳሰሩ ላይ ነው። ማሰሪያው ከላላ እስሩ በማዕበል ይበተናል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ግንዱን ጨፍልቆ አየሩን ያስወጣል። መለኪያ መሣሪያ የለም፤ ልኩን የሚያውቀው ገመዱን የሚስበው መዳፍ ነው። ታንኳ ውኃ የማያስገባ ዕቃም አይደለም፤ ውኃው በእስሮቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ሠሪው ውስጡን በሌላ የደንገል ንጣፍ ከፍ ያደርገዋል፤ ቀዛፊውና ጭነቱ ከውኃው በላይ ይቀመጣሉ።

አዲስ አበባ፣ መገናኛ ላይ የቀለበት መንገዱንና የቀላል ባቡሩን ኮንክሪት እያየን ለምንውል ሰዎች የጥሩ ሥራ መለኪያ ዕድሜ ነው። ታንኳ በዚህ ሚዛን አይመዘንም። ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ ከጉዞ መልስ ዳር ወጥቶ ቢደርቅም ከጥቂት ወራት አያልፍም። አርጅቶ ሲጣል ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል። ሠሪው እንደገና ወደ ደንገሉ ይሄዳል። የሚያረጀው ዕቃው ነው፤ ሙያው በእጅ ይኖራል፣ ቁሱ ደግሞ ከሥሩ መልሶ ይበቅላል፤ ሥሩ ካልተነካ።

ይህ «ካልተነካ» የወፎቹም ጉዳይ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። የአውሮፓ ክረምት ሲገባ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ። የሳተላይት መከታተያ ከታሰረላቸው የፊንላንድና የኢስቶኒያ ክሬኖች መካከል እስከ ኢትዮጵያ የዘለቁ አሉ። ቀን አዝመራው በተነሣበት ማሳ ላይ እህል ይለቅማሉ፤ ማታ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ውኃው ከአውሬ ይከልላቸዋል። ከዳርቻው ነዋሪ ወፎችም ደንገሉ ውስጥ የሚደበቁና ጎጆ የሚሠሩ አሉ። ዓሣም እዚያው ይራባል፤ ከተራራ የሚወርደው ደለልም ሐይቁ ውስጥ ሳይገባ ደንገሉ ሥር ይያዛል።

ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ግን የደንገሉ ቀበቶ ለእርሻ ሲመነጠር፣ ሲቃጠል፣ ከልክ በላይ ሲታጨድ ቆይቷል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም ዳርቻውን ወርሮታል።

ታንኳ ሠሪ ደንገል አጫጅ ስለሆነ ከጥፋቱ ጋር የሚደምረው አይጠፋም። እኔ ግን ሥራውን ባየሁት መጠን ወደ ተቃራኒው አደላለሁ። ደንገል ከሥሩ ተነቅሎ ማሳ ቢሆን አራሹ ለጊዜው ያተርፋል፤ ታንኳ ሠሪው ግን ለዘለዓለም ሥራ ይፈታል። ከዳርቻው ነዋሪ ሁሉ ደንገሉ ቆሞ እንዲኖር የዕለት እንጀራው የሚያስገድደው እርሱ ነው። የትኛው ግንድ እንደደረሰ፣ የትኛው እንደሚቀር፣ የቱ ዳርቻ እየሳሳ እንደሆነ ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ስለዚህ የጣናን ወፎች እንጠብቅ የሚል ሁሉ ታንኳ ሠሪውን ለቱሪስት ፎቶግራፍ ብቻ አይፈልገው። አጨዳው በተራ እንዲሆን፣ የተመነጠረው መልሶ እንዲተከል ሲመከር ከፊት ይቀመጥ፤ ለሙያውም ተገቢው ዋጋ ይከፈለው። ያ እጅ ሥራ ካላጣ ደንገሉ ጠባቂ አያጣም፤ ደንገሉ ከቆመ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጣው ወፍ ማረፊያ አያጣም።