የሎሚው ቁጥር

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን አይደል? ሎሚው ሃምሳ ሳይሆን ሁለት መቶ ቢሆንስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ደብል ፋይን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይኮኖትስ» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ አወጣ። የተጫወቱት ወደዱት፤ ገበያው ግን ፊቱን አዞረበት። ከአሥር ዓመት በኋላ የስቱዲዮው መሥራች ቲም ሻፈር ለክፍል ሁለት ወዳጆቹን መዋጮ ጠየቀ። 3.3 ሚሊዮን ዶላር ተጠይቆ ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ገባ። እሰይ ነው!

ግን ይህ ገንዘብ የበጀቱ ክፋይ ብቻ ነበር። ሻፈርም አልደበቀም፤ ሰሚው ነው ልብ ያላለው። በ2018 ይወጣል የተባለው ጨዋታ ዘገየ፤ በ2019 ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን ጠቅልሎ ገዛው፤ ጨዋታው በ2021 ወጣ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ጨዋታው ግሩም ነው። ትንሹ ራዝ ለራሱ ፍላጎት ሲል አስተማሪው ሆሊስ አእምሮ ውስጥ ገብቶ ሐሳቧን ይነካካል፤ ሴትዮዋ ቁማርተኛ ሆና ቁጭ! ከዚያ ጥፋቱን ሊያርም ይሯሯጣል። የሰው ልብ ሲነካ ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ ማን ይነግረናል?

መዋጮ ጠያቂም የሚነካው ልብን፣ ያውም ትዝታን ነው። አዋጪዎቹ ጨዋታቸውን አግኝተዋል፤ አልተበሉም። ግን «ለማንም ያላደረ ስቱዲዮ» ብለው ያዋጡለት ቤት የባለጠጋ ንብረት ሆኗል። እናም ወዳጄ፣ ከመስጠትህ በፊት «የጎደለውን የሚሞላው ማን ነው?» በል። የቤቱ ጌታ እሱ ነውና።