ልኩ በላዩ የታተመ ብረት

ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ ጽጽቃ፣ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ መኪና የሚፈተነው በሞተሩ ሳይሆን በፍሬኑ ነው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 70 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ካላሳገዘ፣ የዚህ ሙቀት ትልቁ ድርሻ የሚያርፈው የፊት ጎማዎቹ የፍሬን ዲስኮች ላይ ነው።

ዲስኩን ፈትቶ ላገላበጠ ሰው የሠሪው ጥንቃቄ መጀመሪያ የሚታየው ባዶ በተተወው ቦታ ነው። የፊት ዲስክ ብዙውን ጊዜ አንድ ወፍራም ብረት አይደለም፤ በስስ ግድግዳዎች የተያያዙ ሁለት ቀለበቶች ነው። ጎማው ሲዞር በግድግዳዎቹ መካከል ያለው አየር ከመሃል ወደ ጠርዝ ይወረወራል፤ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ብረቱም ታስቦበት የተመረጠ ነው፦ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ግራጫ ብረት። በውስጡ እርሳስ የሚሠራበት ግራፋይት በስስ ቅጠል መልክ ተበትኗል፤ ሙቀቱን ያሰራጫል፣ የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን ሲጨብጥ የሚነሳውን ንዝረት ያፍናል።

ከሁሉም የሚደንቀው ልኩ ነው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ በ0.02 ሚሊሜትር ያህል ከተለያየ እግር ፔዳሉ ላይ ትርታ ሊሰማው ይችላል። ሰው «ዲስኩ ተጣመመ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሲገጠም ከጀርባው የቀረች ዝገት ናት። ዝገቷ ዲስኩን በጥቂቱ ታዘነብለዋለች፤ ሸራው አንዱን ቦታ እየነካ ይበላዋል። ጥሩ መካኒክ አዲስ ዲስክ ከመግጠሙ በፊት መቀመጫውን እስኪያበራ የሚፍቀው ለዚህ ነው።

ዕድሜውን የሚወስነው ኪሎሜትር አይደለም። አብዛኛው ዲስክ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊሜትር ታትሞበት ይመጣል። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ይለካ፤ በቬርኒየር ሲለካ ግን መንጋጋው ሸራ የማይነካውን ጠርዝ ይይዝና ያልተበላ ያስመስለዋል። ማይክሮሜትር የተበላውን መሃል ያገኘዋል። የተቦረቦረ ዲስክ ቶርኖ ቤት ሊላጭ የሚችለው፣ ከተላጨም በኋላ ከታተመው ቁጥር በላይ ከቀረ ብቻ ነው። እስከ ጠርዙ የተሰነጠቀ ይጣላል። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ መድፋትም ስንጥቅ መጋበዝ ነው።

የሳሳ ዲስክ ሜዳ ላይ እንደ አዲሱ ሊያቆም ይችላል። ቁልቁለት ላይ ግን ሙቀት የሚያጠራቅምበት ብረት ስለሚያንሰው ቶሎ ይግላል፤ ግለቱ እርጥበት የጠጣውን የፍሬን ዘይት ያፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰጥማል። ዘይቱን በየ2 ዓመቱ መቀየር የሚመከረውም ለዚሁ ነው። ሠሪው ያቺን ቁጥር ሲያትም ያሰበው ሜዳውን ሳይሆን ቁልቁለቱን ነው።